የልብ ኒያና የወረቀት ማስረጃ

ከጅዳ ለዑምራ የሚነሳ ሰው ኢሕራሙን የሚለብሰው ከቤቱ ነው። ኒያው በልቡ ቢሆንም፣ ደረጃው ላይ ያገኘው ጎረቤት ሳይጠይቀው ወደ መካ እንደሚሄድ ይረዳል። ልብን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ሰው የሚያየው ምልክቱን ነው። በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንዳንድ ቤተሰቦቻችንን የሚያስጨንቀው ጥያቄም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ወደ ሌላ ሀገር ተመልሶ ለመኖር ያሰበ ሰው፣ ገና ሳይሄድ ሐሳቡን በምን ያስረዳል?

ጥያቄው የሚመለከተው በተለይ የካናዳ ዜግነት ይዘው በጅዳና በመካ በሕክምና፣ በመምህርነትና በምህንድስና ሙያ የሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ነው። ብዙ ጊዜ የትዳር ጓደኛቸው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላት፣ በባሏ ኢቃማ ሥር አብራው የምትኖር እህታችን ናት። የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ አንቀጽ 130 እንደሚለው፣ ካናዳዊ ዜጋ ከሀገሩ ውጭ እየኖረም ለባለቤቱ ስፖንሰር መሆን ይችላል። የተጣለበት ግዴታ እርሷ ቋሚ ነዋሪ በምትሆንበት ጊዜ እርሱም በካናዳ የሚኖር መሆኑ ነው። ቋሚ ነዋሪነት ብቻ ያለው፣ ዜግነት ያላገኘ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ስፖንሰር ለመሆን ራሱ በካናዳ መኖር አለበት።

የአሜሪካ ሕግም በሌላ መንገድ ወደዚያው ሐሳብ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት የድጋፍ ቃል የሚፈርም ስፖንሰር መኖሪያው በአሜሪካ መሆን ይኖርበታል። ውጭ የሚኖር ከሆነ፣ ባለቤቱ ከመግባቷ በፊት ወይም አብሯት ገብቶ መኖሪያውን በዚያ እንደሚመሠርት ማሳየት ይጠበቅበታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። “ሐሳብህን ማሳየት ከፈለግህ ሥራህን ለቅቀህ ቀድመህ ግባ” የሚለው ምክር በየቡናው ይሰማል። የካናዳ ደንብ ግን ይህን አላለም። ምክሩን የተከተለ ሰው የሚከፍለው ዋጋም ከባድ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የሚስትና የልጆች ኢቃማ በቤተሰቡ ኃላፊ ኢቃማ ላይ የተመሠረተ ነው። ባል ሥራውን ለቅቆ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ሲወስድ የእነርሱም ፈቃድ አብሮ ያበቃል። በአንድ ቤት ይኖር የነበረ ቤተሰብ፣ አባት ቶሮንቶ፣ እናትና ልጆች ደሴ ወይም ጅማ ሆነው መልስ ይጠባበቃሉ። ቤተሰብን ለማገናኘት የወጣ ሕግ፣ በተሳሳተ ምክር ምክንያት ቤተሰብን ሲለያይ ማየት ያሳዝናል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። እኛ “ሀገር ቤት” ስንል ልባችን የሚሄደው ወደ ወሎ፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ ባሌ ነው። በቪዛው ማመልከቻ “መመለስ” ማለት ግን ፓስፖርቱ ወደ ተሰጠበት ሀገር መግባት ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ “ጡረታዬን ሀገሬ ገብቼ አርፋለሁ” ብሎ የትውልድ መንደሩን የሚያነሳ ሰው፣ ሳያውቀው በራሱ ላይ እየመሰከረ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምልክቱ ምንድን ነው? ከካናዳ ቀጣሪ ወይም ትምህርት ቤት የተገኘ ደብዳቤ፣ የሚኖሩበትን ቤት የሚያሳይ ውል ወይም “እስክትደላደሉ እኔ ዘንድ ታርፋላችሁ” የሚል የዘመድ ደብዳቤ፣ የሙያ ፈቃድ ለማደስ የተደረገ መጻጻፍ፣ ስለ ልጆች ትምህርት የተጠየቀ መረጃ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የጅዳው የሥራ ውል የሚያበቃበት ቀን፣ እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። አንዱ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል። በየወሩ የተጻፉና ቀን የያዙ ትንንሽ ማስረጃዎች ግን ሲደራረቡ እውነተኛ የጉዞ ዝግጅት ይመስላሉ፤ እውነተኛ ዝግጅት ስለሆኑ። ምክንያትን በግልጽ መጻፍም አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወር 100 ሪያል ሆኖ የተጀመረው የጥገኛ ቤተሰብ ክፍያ በ2020 ለእያንዳንዱ ሰው 400 ሪያል ደርሷል። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በዓመት 19,200 ሪያል ይከፍላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሸክም ለመመለስ በቂ ምክንያት መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም።

የመሥሪያ ቤቱ ጥርጣሬ ያለምክንያት የመጣ ነው አልልም። ሚስቱን አስገብቶ፣ ወረቀቷን አስጨርሶ፣ ወዲያው ወደ ሪያሉ ለመመለስ የሚያስብ ሰው አለ። ከደላላ የሐሰት የሥራ ደብዳቤና የሐሰት የቤት ኪራይ ውል የሚገዛም አለ። በካናዳ ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ የተገኘበት አመልካች ለ5 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ዜጋውን ባል ከሀገሩ የሚያግደው የለም፤ የምትታገደው ስለ ደብዳቤው ምንም ላታውቅ የምትችለው ሚስት ናት። በትዳር ጓደኛ ስም እንዲህ ያለ አደጋ መግዛት አማና መብላት ነው።

በሌላ በኩል ፈራጆቹም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የቪዛው ውሳኔ መቼ እንደሚመጣ አመልካቹ አያውቅም። ቀኑን ለማያውቅ ሰው የትኛው ቀጣሪ ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል? ባዶ ቤት ተከራይቶ ለወራት እንዲከፍል መጠበቅስ ፍትሕ ነውን? በእኔ እምነት ሊመዘን የሚገባው የተፈረመ ውል ሳይሆን ምክንያታዊ ዕቅድ ነው። ውጭ የሚኖር ዜጋ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚበቃው በግልጽ ቢነገረው የደላላው ገበያ በራሱ ይቀዘቅዛል።

ከመመለስ ሐሳብ በፊት የሚመረመረው ጋብቻው ራሱ መሆኑም አይዘንጋ። ሙሽራው ጅዳ፣ ሙሽራዋ ወሎ ሆና በወኪል የታሰረ ኒካህ በሸሪዓ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ ካናዳ ከሰኔ 11 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱም በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ ለዚህ ጉዳይ አትቀበልም። በአካል ተገናኝቶ ጋብቻን በሕግ ፊት መፈጸምና ማስመዝገብ ከማመልከቻው በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም ነገሩ አላለቀም። ስፖንሰሩ በ30 ቀናት ውስጥ ለካናዳ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ክፍል አቤት ማለት ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያድነው ከመጀመሪያው በእውነት የተሰበሰበ ወረቀት ነው።

ስለዚህ በጅዳና በመካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራችሁን ለመልቀቅም ደብዳቤ ለመግዛትም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ በእርግጥ ለመመለስ ወስናችሁ እንደሆነ ተነጋገሩ። ካልወሰናችሁ ማመልከቻው ይቆይ። ከወሰናችሁ ግን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ዛሬ ጻፉ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ።