ስለ እንጨት ዕቃ ቅባትና ስለ ነጋዴው ኀላፊነት

በቶንጎ ገበያ የእንጨት ገበቴ ወይም ወንበር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ወዙን ነው። ነገር ግን ወዝ ሁሉ አንድ እንዳይደለ ሻጩ ዐውቆ ለገዥው ሊያስረዳ ይገባዋል።

ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ እንደ ቆዳ ስለሚጋረድ ለጠረጴዛና ለወንበር ይስማማል፤ ትኩስ ምግብና እጥበት በሚበዛበት ገበቴ ላይ ግን ውሎ አድሮ ይላጣል። ለገበቴ የሚሻለው ወደ ውስጥ ሰርጎ ከአየር ጋር በመዋሐድ የሚጠነክረው ንጹሕ የተልባ ዘይት ነው። የኑግ ዘይት ለመድረቅ ይዘገያል፤ ቅቤ ግን ከቶ ሳይደርቅ ይሸታል። «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው የፋብሪካ የተልባ ዘይት ብዙውን ጊዜ የብረታ ብረት ማድረቂያ ስለሚጨመርበት ለምግብ ዕቃ አይሁን።

ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ዘይቱ በስሱ ይቀባ፤ ትርፉ ይጠረግ፤ የፊተኛው ሳይደርቅም ሌላ አይደረብ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተከምሮ ከተተወ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

ይህ ሥራ ሳምንታት ይፈጃል፤ በክረምት ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ዛሬ አዝዞ ነገ ዕቃውን የሚጠይቅ ነጋዴ ባለሙያውን ወደ ችኮላ ሥራ እንደሚገፋው ይወቅ። ለማድረቂያው ቀን የሚከፈለው ገንዘብ የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ የማይላጥ ገበቴ የገዛ ሰው ሁለተኛ ይመጣልና።