ስም የለሹ ብርና ስም ያላቸው አርበኞች

በጄኔቭ ከተማ፣ በፕላንፓሌ ሜዳ በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ስናልፍ፣ ከአሮጌ ሳንቲሞች መካከል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት የብር ኖት ዓይናችንን ያዘው። ከዚያው ሜዳ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነበር ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ለመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ የአገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት፤ የኢጣልያ ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያውኳቸው የሞከሩት። ንግግሩ በተደረገ በወሩ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ። በጎጃም በረሃ ደግሞ በላይ ዘለቀ እስከ ድሉ ቀን ተዋጋ።

ለመሆኑ ከእነዚህ መካከል ገንዘባችን ማንን አከበረ? ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የንጉሡ መልክ ያለበት ብር ወጣ። ለአርበኛው ገመድ፣ ለዙፋኑ ወረቀት!

ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን መልክ አንሥቶ ቡና ለቃሚውንና ሰፌድ ሰፊዋን አተመ። የሠርቶ አደሩን መከበር አንነቅፍም። ነገር ግን ስም የለሽ ምስል ለገዥ እጅግ የሚመች ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማንስ እንዳስገደለ አይጠይቅምና። ኢሕአዴግም ያንኑ ይዞ ሃያ ሰባት ዓመት ገዛ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ የሆኑት አዳዲስ ኖቶችም ርግብና ግመል ይዘው መጡ እንጂ አንድም አርበኛ ይዘው አልመጡም።

«አንዱ ቢታተም የሌላው ብሔር ይቀየማል» የሚሉን አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ገረሱ ዱኪና አብዲሳ አጋ፣ ሶማሌው ዑመር ሰመተር፣ በሮም አደባባይ ሰይፉን የመዘዘው ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ፣ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፣ የየትኛው መንደር ብቻ ናቸው? ጠላት ሲመጣ ያልተከፋፈሉትን ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሚከፋፍላቸው ማን ነው?

ጋናን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ገንዘብ ላይ ስድስት የነፃነት ታጋዮቿን በአንድነት አትማለች። ከስድስቱ አንዱ ዳንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የሞተው በሌላኛው፣ በንክሩማ መንግሥት እስር ቤት ነው። ጋናውያን ይህን ጠብ አልካዱትም፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አኖሯቸው እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። በሕይወት ያለ መሪ መልክ በብር ላይ እንዳይታተም ሕግ ይከልክል። የአምስቱ ዓመት አርበኞች ግን ከነስማቸው ይታተሙ። ከፈለጋችሁ የሰቀሉትን ንጉሥና የተሰቀለውን አርበኛ ጎን ለጎን አድርጓቸው። ታሪኩን ከብር ላይ መፋቅ እርቅ አይደለም፤ ዕዳውን ለልጅ ማውረስ ነው።

ክብር ለአርበኞቻችን! ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!