የቀጥቃጩ ፊርማ

በቡሬ ገጠር፣ በአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት «ቆመህ ጠብቀኝ» ተሰቅላ ነበር። ስሙን ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ «ቆመህ ጠብቀኝ» ባላገሩ የአገር ቤት ቀጥቃጭ ለሚሠራው ጠመንጃ ያወጣለት ስም ነው። ተጎርሶ፣ ተነጣጥሮ እስኪተኮስ ድረስ ጠላትን «እባክህ ባለህበት ቁም» ማለት ሳያስፈልግ አይቀርም። ከፋብሪካ ከወጡት ከነምንሽርና ከነዲሞትፈር ጎን ስትቆም የድኻ ልጅ ናት።

በ2010 ዓ.ም. የአያታችን ሙት ዓመት ሲቃረብ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «አያ፣ ያቺን የአባባን ጠመንጃ አሳድሳት፤ እንግዳ ፊት እንዲያ ተቧጭራ አትታይ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ከፍኖተ ሰላም ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ፤ ከቡሬም አንድ አናጺ ይዤ ገባሁ።

አናጺው ሰደፉን አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ይኼ ስርጉድ በእርጥብ ጨርቅና በጋለ ካውያ ይነሳል። ቢላዋ የቆረጠው ግን አይነሳም፤ እሱን በስቱኮ እሞላዋለሁ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ስቀባው ከሱቅ የወጣች ትመስላለች» አለኝ።

አክስቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ትሰማ ነበር። ተነሥታ መጣችና ጣቷን በእንጨቱ ላይ አስኬደች። «ይኸኛው አባባ ከበቅሎ ሲወድቅ የተጫረ ነው። ያኛው ግን ስትሠራ ጀምሮ ያለ ነው፤ የቀጥቃጩ ቢላዋ ስቶ የሄደበት።»

«ማን ይባል ነበር ቀጥቃጩ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ብዙ አሰበች። «እንጃ ልጄ። ቀጥቃጩ ነበር የምንለው።»

የአያቴን ፉከራ እስከ ሰባት ቤት ዘመዱ በቃሌ አውቀዋለሁ። የበቅሎውን ስም አውቃለሁ። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንንና የምንመካባትን ጠመንጃ የሠራልንን ሰው ስም ግን በቤታችን የሚያውቅ የለም። ቀን ቀን ቡዳ ተብሎ የሚፈራ፣ ማረሻ ሲዶለዱም የሚፈለግ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ግን እኛ ቤት ድረስ አልመጣም።

ይህ የእኛ ቤት ጉድለት ብቻ አይደለም። በ1867 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት አውሮፓውያን፣ እነ ዋልድማየር፣ ስማቸው በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። አብረዋቸው የሠሩትን ኢትዮጵያውያን ግን ስንቶቻችን በስም እንጠራለን?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ስለዚያች ጠመንጃ በተማሪነቴ ግጥም ጽፌ ነበር። በግጥሜ ውስጥ እንደ መስተዋት ታበራለች፤ አያቴም አንበሳ ነው። ጭረት የላትም፤ ሠሪም የላትም። አናጺው ቫርኒሹን ሳይከፍት እኔ አስቀድሜ ቀብቻት ኖሯል።

የምተዳደርበት ሥራ የባንክ ሥራ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ አልቀበልም። መዝገብ ላይ የተሳሳተ አኃዝ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና ከጎኑ ይፈረማል። የቀድሞው አኃዝ መነበብ አለበት፤ የማይነበብ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው። ለብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለትዝታ ስንሆን ብርጭቆ ወረቀት ይዘን እንነሣለን።

«ታዲያ ይዛግ፣ ይንቀዝ ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። ዝገት ትዝታ አይደለም፤ ትዝታን የሚበላ ነው። ስለዚህ አናጺውን የቀን አበሉን ከፍዬ፣ ዝገቱን ብቻ አስጠረግሁት። እንጨቱንም የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀባልኝና ትርፉን ወለወለው። ጭረቶቹ በዘይቱ ጠቆር ብለው ከቀድሞው ይልቅ ጎልተው ወጡ። ወንድሜ ለሙት ዓመቱ መጥቶ ሲያያት ፊቱን አጨማደደ። የጭረቱን ታሪክ ስነግረው ግን ጠጋ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ጠመንጃ የግድግዳ ጌጥ አይደለም። ስሙ «የሰላም መንገድ» ማለት በሆነ ከተማ እየኖርሁ ጠመንጃን የሚያሳምር ስንኝ ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም። በየመድረኩ ግን አዳዲስ ቀረርቶዎች እሰማለሁ፤ ሁሉም ያበራሉ። በእነርሱ ውስጥ የሠራ እጅ የለም፤ የወደቀ ሰው የለም፤ ያለቀሰች እናት የለችም። ግጥም የምንጽፍ ሰዎች ሆይ፣ ቫርኒሹን እናስቀምጠው። ጀግናውን እናወድስ ካልንም ጭረቱን አንሙላው።

ያ ቀጥቃጭ መጻፍ አይችል ይሆናል። የተወልን ፊርማ ግን ቢላዋው የሳተባት ያቺ አንዲት መስመር ናት። ስሙን ካጠፋነው፣ ቢያንስ ፊርማውን አንፋቅ።