ልግስና ስንት ከመቶ?

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን ችሎ እንዲሰጥ ሲወሰን ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አብዮቱ ካሰናበተው ወዲህ ቦታውን መጀመሪያ የፖለቲካ ትምህርት፣ ኋላም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ይዘውት ቆይተዋል። ቅር የሚለኝ አሰጣጡ ነው። «ልግስና ምንድን ነው?» ይባላል፤ ልጁ «ለ»ን ያከብባል፤ ውጤቱ ካርድ ላይ ይሞላል። ቁራሽ አካፍሎ የማያውቅ ልጅ መቶ ከመቶ ቢያመጣ የሚከለክለው የለም።

ጎጃም ልግስናን ለማስተማር የራሱ ዘዴ አለው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲቆም፣ ቁራሹን ይዞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። እናት «ውሻውን ያዝና ይችን ስጠው» ትላለች፤ ማብራሪያ አትጨምርም። ተማሪውም ተቀባይ ብቻ አይደለም። ጎጆው ሲመለስ ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ይበላል፤ ዳዊት የደገመው ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽላል፤ ክፍያ አይጠይቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስና በዲማ የኖሩት፣ በልቦለዳቸውም የማንኩሳውን በዛብህን ያኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ረሃቡንና የውሻውን ንክሻ ረስቼ አይደለም ይህን የምለው።

ዛሬ ትምህርት ቤት ልግስናን ከመዋጮ ጋር አደባልቆታል። «ለአጥሩ ያላመጣ ነገ እንዳይገባ» የተባለ ልጅ የሚማረው ግብር መክፈልን ነው። ግዴታ የት እንደሚያደርስ ደግሞ አይተነዋል፦ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ፤ ብዙ ሥራ ተሠራ፤ ጥሎ የጠፋውም ጥቂት አልነበረም። በክረምት በጎ ፈቃድ ስም ደብተር ሲታደል ሕፃኑን ከባነር ሥር አቁሞ ፎቶ ማንሳት ከዚህም ይብሳል። የክፍል ጓደኞቹ ስለ ልግስና ሳይሆን ስለ ልጁ ድህነት ይማራሉ።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ መራቃቸው ሲነገር ሰንብቷል፤ የምዕራብ ጎጃም ልጆችም ከእነሱ መካከል ናቸው። ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቦታ ሁለት ሦስት ዓመት የባከነበት ጎረምሳ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል። ንባቡ ጠፍቶበታል። «አንብብ» ሲባል ያፍራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካፈረ በኋላ ከብት ጥበቃውን ይመርጣል።

የግብረ ገብን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ልጅ ብናውለውስ? ማንበብ የቻለው ያልቻለውን ያስቀጽል። ጎረምሳው በተራው የትምህርት ቤቱ በቆሎ ሲኮተኮት ለታናሹ ጉልበቱን ያውስ። ወንፈል የለመደ አገር ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም፤ ዛሬ የታገዘው ነገ ስለሚያግዝ የሚሸማቀቅ አይኖርም።

መምህሩ ላይ ሌላ ሸክም ነው የሚል አይጠፋም። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰባ ልጅ የታጨቀበት መምህር ግን ሃያ አስቀጻይ ቢያገኝ የሚከፋው አይመስለኝም። ካርዱ ላይ ቁጥር መሙላት የግድ ከሆነም፣ ለአስቀጻዩ የሚሞላው ያስጠናው ልጅ በሰኔ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ማንበቡ ታይቶ ይሁን።