ለዓይናፋር የሚሸጠው «ሳይኮሎጂ»

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መጽሐፍ ተሸክሞ የሚዞር ልጅ «ሳይኮሎጂ አለህ?» ሲባል የሚያወጣው ነገር ይታወቃል። በራስ መተማመን። የሰውን ልብ ማንበብ። ሰውን በንግግር መማረክ። ሴትን በእጅ ማስገባት። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ በሃያዎቹ ያለ፤ የሚከፍላትም ከታክሲና ከምሳ የተረፈች ብር ናት። እሷም ከሌለችው ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉን ያወርዳል። ይህ ልጅ መሳቂያ አይደለም። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰርበት፣ የወደዳትን ልጅ ሰላም ለማለት ጉልበቱ የሚከዳው ሰው መፍትሔ ፍለጋ ወደ መጽሐፍ መሄዱ ያስመሰግነዋል እንጂ አያሳፍረውም። የሚያናድደው የሚሸጥለት ነገር ነው።

«ሳይኮሎጂ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ስመ ጥሮቹን የጻፏቸው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አይደሉም። ወዳጅ ስለማፍራት በ1936 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የጻፈው ዴል ካርኔጊ የንግግር አስተማሪ ነበር። እሱስ ባልከፋ፤ የሰው ስም አስታውስ፣ አዳምጥ፣ አትንቀፍ ነው የሚለው፤ ማንኛዋም እናት ልጇን የምትመክረው ነው። ሮበርት ግሪን ግን ሌላ ነው። በ1998 ስለ ሥልጣን 48 ሕጎች፣ በ2001 ደግሞ ስለ ማማለል ጥበብ የጻፈው ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲ ያጠናው የጥንት ግሪክና ሮማን ነው። ምሳሌዎቹ ከቤተ መንግሥት ሴራና ከስመ ጥር አታላዮች የተለቀሙ ናቸው። የማማለሉ መጽሐፍ የሚፈለገውን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው ታውቃላችሁ? ሰለባ። የሰለባ ዓይነቶችንም 18 አድርጎ ይዘረዝራል።

ይህን ያነበበ ልጅ የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመችውን ልጅ ሲያይ ምን ያያል? የተዘጋ በርና የሚፈለግለት ቁልፍ። «አልፈልግም» ስትለው «እየፈተነችኝ ነው» ይላል። ዝም ስትለው «ጨዋታዋ ነው»። ፊቷን ስታዞር የሰውነት ቋንቋ አንብቧልና እሷ የማታውቀውን ምክንያት እሱ ያውቅላታል። ከእሷ በኩል ሲታይ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሥራ ወጥታ፣ ደክሟት፣ ቤቷ ለመግባት የቆመች ሰው ናት። ሦስት ቀን ሙሉ እየተከተለ የሚያናግራት ሰው «በራስ መተማመን እያዳበረ» መሆኑን ማንም አልነገራትም። የሰፈሩ ሰው ለዚህ ቃል አለው፤ ለከፋ ይባላል።

የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ራሳቸው የት እንደደረሱም ማየት ነው። ሴት ማጥመድን እንደ ጨዋታ አድርጎ በ2005 የጻፈውና ዓለምን ያዳረሰው ኒል ስትራውስ፣ በ2015 ሌላ መጽሐፍ አወጣ። የሁለተኛው መጽሐፍ ታሪክ የምትወደው ሴት ላይ ሄዶ፣ ለወሲብ ሱስ ሕክምና ስለመግባቱ ነው። እዚህ የሚዞረው ምክር ግን እሱ ራሱ ጥሎት የሄደው ነው።

«93 በመቶው መግባባት ያለ ቃል ነው» የምትለዋስ? የማይለጥፋት ቻናል የለም። ምንጯ አልበርት መህራቢያን በ1967 ያሳተማቸው ሁለት ትንንሽ ጥናቶች ናቸው። አንድ ቃል በተለያየ ድምፅ ሲነገር፣ ፊትም ሲታከልበት፣ ሰሚው ተናጋሪው ወደደኝ ጠላኝ ብሎ የሚገምተው በምኑ ነው የሚል ነበር ጥያቄያቸው። ስለ ጭውውት ሁሉ የሚሉት የለም፤ መህራቢያንም ይህንኑ ደጋግሞ ተናግሯል። ከዚህ ተነሥቶ «የምትናገረው 7 በመቶ ብቻ ነው የሚቆጠረው» ብሎ ዓይናፋርን መምከር፣ የሚናገረው ያጣውን ልጅ ስለ ትከሻውና ስለ እጁ አቀማመጥ እያሰበ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ዋናው ጉዳትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ በ1995 የማኅበራዊ ፍርሃትን አሠራር ሲያስረዱ ሁለት ነገር አሳይተዋል። አንደኛ፣ የሚፈራ ሰው ጭውውት ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ወደ ራሱ ይዞራል፤ «ድምፄ ተንቀጠቀጠ? ፊቴ ቀላ?» ይላል። ሁለተኛ፣ እንዳይዋረድ መከለያ ይሠራል፤ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ያጠናል፣ እያንዳንዱን ቃል ይመዝናል። መከለያው ፍርሃቱን ያቆየዋል። ነገሩ በሰላም ሲያልፍ እንኳ «ያዳነኝ ያጠናሁት ነው» ስለሚል፣ ባያጠናም ምንም እንደማይሆን ሳያውቅ ይኖራል። እንግዲህ የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር አስጠንቶ፣ አቋቋምህን ተቆጣጠር ብሎ የሚልክ መጽሐፍ መድኃኒት ነው የሚሸጠው ወይስ በሽታውን? አሥራ አምስተኛውን መጽሐፍ ጨርሶ እስካሁን ማንንም ሰላም ያላለ ልጅ ማንበቡ ራሱ መከለያው ሆኗል።

አልበርት ኤሊስ፣ በኋላ ታላቅ የሥነ ልቦና ሐኪም የሆነው፣ በ19 ዓመቱ ሴት ማናገር የሚፈራ ልጅ ነበር። በ1933 ኒው ዮርክ ብሮንክስ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ እየሄደ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ከተቀመጠች ሴት ጎን መቀመጥና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማናገር ብሎ ለራሱ የቤት ሥራ ሰጠ። በአንድ ወር 130 ጊዜ ሞከረ። 30ዎቹ ወዲያው ተነሥተው ሄዱ፤ አልተከተላቸውም። 100ውን አናገረ። ቀጠሮ የሰጠችው አንዲት ብቻ ስትሆን እሷም ቀረች። ፍርሃቱ ግን ለቀቀው፤ ምክንያቱም ማንም አልጮኸበትም፣ ፖሊስ አልመጣም፣ ሰማይ አልተደፋም። ይህን ታክሲ ሰልፍ ላይ ይድገሙት ማለት አይደለም፤ አንድ ሰላምታ ሰጥቶ «አይ» ሲባል በፈገግታ መሄድን መልመድ ግን የትኛውም ሕግ ቁጥር 37 የማይሰጠው ነገር ነው።

ደግሞስ ፍቅር ከማያውቁት ሰው ጋር መንገድ ላይ ነው የሚጀመረው ያለው ማነው? ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ በ1950 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ሰዎች ማንን ወዳጅ እንዳደረጉ ጠየቁ። ጎን ለጎን በር ያላቸው 41 በመቶ ያህሉ ወዳጅ ሆነዋል፤ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ያሉት 10 በመቶ። ደጋግሞ መተያየት ነው ሥራውን የሠራው። በዛብህም ሰብለ ወንጌልን በማማለል ጥበብ አላገኛትም፤ ሊያስተምራት ተቀጥሮ፣ በየቀኑ ፊደል ሲያስቆጥራት ነው። (መጨረሻው አላማረም፤ ያ ግን የፊታውራሪ መሸሻ ዕዳ ነው።) ጉለሌ ውስጥ ወጣት የሚሰበሰብበት መዝሙርም፣ ኳስም፣ የቋንቋ ኮርስም፣ የለቅሶ ድንኳን መትከልም አለ። በየሳምንቱ አንድ ቦታ መገኘት አሰልቺ ምክር ነው፣ አይሸጥም። ለዚህ ነው ማንም የማይሸጠው።

«ታዲያ ምንም ከማያነብ ያንብብ» የሚሉ አሉ። ማንበቡንስ ያንብብ፤ ግን ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1977 ስለ ዓይናፋርነት የጻፈውን ያንብብ። ከጠየቃቸው ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ «ዓይናፋር ነኝ» ማለታቸውን ሲያይ ብቻውን እንዳልሆነ ይረዳል። እንግሊዝኛ የሚሄድለት የጂሊያን በትለርን ስለ ማኅበራዊ ፍርሃት የተጻፈ መጽሐፍ ይፈልግ፤ ሐኪም የጻፈችው፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ ከቤት ወጥቶ የሚሠራ ልምምድ ያለበት ነው። ተርጓሚዎችም 49ኛ ሕግ ከሚፈልጉ ይህን ቢሞክሩት ምን ይጎድልባቸዋል?

ፍርሃቱ ከዚህ ያለፈበት ሰውም አለ። ክፍል ውስጥ ስሙ እንዳይጠራ ትምህርት ያቋረጠ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ በር ላይ ደርሶ የተመለሰ፣ ሰው ፊት መብላት የማይችል። ይህ የጠባይ ድክመት አይደለም፤ ስም ያለው፣ በንግግር ሕክምና የሚሻል ሕመም ነው። መጽሐፉ የሚዞርበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ ለመግባት እብድ መሆን አያስፈልግም፤ እንደ ማንኛውም ታካሚ ካርድ ማውጣት ይበቃል።