ጠባብ ጎጆ

ጎጇችን ጠባብ ናት። ምድጃው፣ ጋኑ፣ ጥጃው፣ እኛም እዚያው ነን። አምና ሕፃኗ ስትድህ እሳት ውስጥ ልትገባ ነበር። እጇ ተለበለበ። ያን ቀን ቤታችንን ደህና አድርገን አየነው። ለካ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ነው! ግድግዳው ባዶውን ቆሟል።

ጥጃውን አስወጣን፤ ደጅ ጋጣ ሠራንለት። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተን አሳደርን። ሳያድር ከተሠራ ይሰነጠቃል። በእሱ ግድግዳውን ተከትለን መደብ አበጀን። ቀን እንቀመጥበታለን፣ ሌት እንተኛበታለን። ግድግዳው ላይ ኩላብ ሰካን። ስልቻው፣ ጋቢው፣ ወንፊቱ ተሰቀለ። ደብተራችንም ቦታ አገኘ። ምድጃውን በጭቃ ከፍ አድርገን ዙሪያውን ከለልነው። ግድግዳውን በነጭ አፈር ስንቀባው ቤቱ በራ።

የቆጡ ነገር ግን ገና አልተቆረጠም። ሴቶቹ ለእህል ይሁን ይላሉ። ወንዶቹ ለዶሮ። ዶሮዎቹ እስከዚያው ወጥተውበታል። እናንተስ ቤት ጥጃው የት ያድራል?