ስለ ፒክልቦል ያለኝ አስተያየት

ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ከሚኖሩት ከአክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከዚያ ይዤ የተመለስሁት አንድ ክርክር ነው። አንባቢ ሆይ፥ «ጨዋታ ደግሞ ምን ያከራክራል?» ብለህ ገጹን አትለፈው፤ በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት በቁርስ ገበታ ላይ ሲኳረፉ በዓይኔ አይቻለሁና።

ጨዋታው ፒክልቦል ይባላል። የተጀመረው ከሲያትል በመርከብ ተሻግረው በሚደርሱበት በቤንብሪጅ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጆኤል ፕሪቻርድና ቢል ቤል የተባሉ ወዳጆች ሥራ ፈተው የተሰላቹትን ቤተ ሰቦቻቸውን ለማጫወት ቢያስቡ፥ የባድሚንተን ዕቃ ስላልተሟላላቸው የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻና ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኳስ አንሥተው ጀመሩ። በኋላም ባርኒ ማካለም የተባለ ወዳጃቸው ተጨምሮ ደንቡንና መሣሪያውን አሻሻሉ። ክርክሩ ከስሙ ይጀምራል፤ የፕሪቻርድ ባለቤት ስሙ ከቀዘፋ ጀልባ የመጣ ነው ሲሉ፥ ማካለም ግን ከውሻ ስም ነው ይሉ ነበር።

አክስቴ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተው ነበር። አሁን ግን በሳምንት ሦስት ቀን ይጫወታሉ፤ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ወዳጅ አድርገዋል። ሜዳው ርዝመቱ 13.4 ሜትር፥ ወርዱ 6.1 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ብዙ አያስሮጥም። ከመረቡ በወዲያና በወዲህ ያለው ሁለት ሜትር ያህል ስፍራ «ማድ ቤት» ይባላል፤ በዚያ ቆሞ ኳሱን መሬት ሳይነካ መምታት ክልክል ነው። አክስቴ «ዕድሜዬን ሙሉ ማድ ቤት ግቢ ሲሉኝ ኖረው ዛሬ ውጪ ይሉኛል» ብለው አሳቁኝ።

ባለቤታቸው ጋሼ ደግሞ የቴኒስ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ወዳጆቻቸው ጋር የሚጫወቱበትን የመናፈሻ ሜዳ አንድ ቀን ቢደርሱ ለአራት የፒክልቦል ሜዳ ተሠምሮ አገኙት። «ያማከረን የለም» ይላሉ። ሥጋቱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ታላቁ ተጫዋች ኖቫክ ጆኮቪችም እ.ኤ.አ. በ2024 በዊምብልደን ውድድር ጊዜ ክለቦች የቴኒስ ሜዳቸውን ወደ ፓደልና ወደ ፒክልቦል ይለውጡታል ብሎ ተናግሯል።

እኔ በበኩሌ ከአክስቴ ጋር ነኝ። በአንድ የቴኒስ ሜዳ ላይ ቢበዛ አራት ሰው ይጫወታል፤ በዚያው ስፍራ አራት የፒክልቦል ሜዳ ቢሠመር ግን ዐሥራ ስድስት ሰው ይጫወትበታል። ሕዝብ በከፈለው ገንዘብ የተሠራ ሜዳ ብዙ ሰው ቢይዝ ምን ይከፋል? ጨዋታው የሽማግሌዎች ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። እንዲህ ስል የነበርሁ እኔ ራሴ ነኝ፤ አንዲት አያት 11 ለ3 አሸንፈውኝ አፌን ያዝሁ።

የሆነ ሆኖ ጋሼም ያለ ምክንያት አልተቀየሙም። ቴኒስ በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ጥበብ ነው፤ ያን የተማረውን ሰው «ቀላሉን ተጫወት» ማለት ስድብ ነው። ከሁሉም ይልቅ ያሳዘነኝ አራቱ ወዳጆች ከዚያ ወዲህ አለመገናኘታቸው ነው። ሜዳውን የቀለሙት ሰዎች አንድ የቅዳሜ ጠዋት እንኳ ቢተዉላቸው ምን ይጎድልባቸው ነበር? በሜዳው አጠገብ የሚኖሩት ሰዎችም እውነት አላቸው። የቴኒስ ኳስ ጎማና ሱፍ ነው፥ የሚመታውም በጅማት ነው፤ ይህ ግን ደረቅ ፕላስቲክ በደረቅ መምቻ ሲመታ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቋ ቋ ይላል። ስለዚህ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ሜዳ መሥራት አይገባም እላለሁ። ይህን ለአክስቴ ብነግራቸው «አንተም ከእርሱ ወገን ሆንህ?» አሉኝ።

ጋሼ እስከ መጣሁበት ቀን ድረስ ራኬታቸውን ከመኪናው አላወረዱትም ነበር።